ብሮድሄድ ስትመርጡ ከስፋቱ በፊት ቀስታችሁን ጠይቁ

ለመጀመሪያ ጊዜ ብሮድሄድ ልገዛ ስነሳ የአሥር ደቂቃ ሥራ መስሎኝ ነበር። ቀስት አለኝ፣ ፍላጻ አለኝ፣ የቀረኝ ጫፉ ላይ የሚገጠመው ስለት ብቻ ነው። መደርደሪያው ፊት ስቆም ግን ግራ ገባኝ። ባለ ሁለት ምላጭ አለ፣ ባለ ሦስት አለ፣ ባለ አራት አለ። የሚከፈት አለ፣ የማይከፈት አለ፣ ግማሹ ብቻ የሚከፈት አለ። ማሸጊያው ሁሉ ደግሞ ጉራ ነው። መጨረሻ ላይ በጣም ሰፊውን ይዤ ወጣሁ። ሰፊ ቁስል፣ ብዙ ደም፣ አለቀ ደቀቀ ብዬ።

ተሳስቼ ነበር። ቀስቴ ያን ስፋት ወደ ውስጥ የሚገፋ ጉልበት አልነበረውም።

ስለዚህ የትኛው ብራንድ እንደሚሻል እዚህ አታገኙም። ብራንድ በየዓመቱ ይቀያየራል፤ መመዘኛው ግን ያው ነው። መጀመሪያ መመዘኛዎቹን እናስቀምጥና ዋና ዋናዎቹን ዓይነቶች በእነሱ እንመዝናለን። ብሮድሄድ የምለው ለአደን የሚሠራውን፣ ምላጭ ያለውን የፍላጻ ጫፍ ነው። ለዒላማ የሚገጠመውን፣ ሹል ሆኖ ምላጭ የሌለውን ደግሞ የልምምድ ጫፍ እለዋለሁ።

## ፍላጻ እንደ ጥይት አይደለም

የአደን ጠመንጃ ጥይት በሰከንድ 800 ሜትርና ከዚያም በላይ ይጓዛል። በፍጥነቱ ብቻ በዙሪያው ያለውን ሥጋ ያደቅቃል። ከዘመናዊ ኮምፓውንድ ቀስት (ጫፎቹ ላይ መዘውር ካለው ማለቴ ነው) የሚወጣ ፍላጻ ግን አብዛኛውን ጊዜ በሰከንድ ከ75 እስከ 90 ሜትር ነው የሚሄደው። ማድቀቅ አይችልም። የሚችለው መቁረጥ ነው። እንስሳው የሚወድቀው ትልልቅ የደም ሥሮቹ ተቆርጠው ደሙ ሲፈስ፣ ወይም ሁለቱም ሳንባዎቹ ተበስተው መሥራት ሲያቆሙ ነው።

ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛ፣ ስለቱ ልብና ሳንባ ጋ መድረስ አለበት። የሚመረጠውም በአንዱ ጎን ገብቶ በሌላው መውጣቱ ነው፤ ሁለት ቀዳዳ ካለ፣ በተለይ የታችኛው ክፍት ከሆነ፣ የደም ዱካው ይታያል። ሁለተኛ፣ የደረሰበትን በንጽሕና መቁረጥ አለበት። የደነዘዘ ምላጭ የደም ሥርን ገፍቶ ያልፈዋል፤ ተለጣጭ ስለሆነ ሸርተት ይልለታል። እንዲህ ያለ ብሮድሄድ ከእጅ አይሻል ዶማ ነው።

የምርጫው ጭቅጭቅ ሁሉ የሚመጣው እነዚህ ሁለቱ ስለሚሻሙ ነው። ሰፊ ምላጭ ብዙ ይቆርጣል፣ ግን እያንዳንዱን ሚሊ ሜትር ለመቁረጥ ጉልበት ይበላል። ጠባብ ምላጭ በቀላሉ ይዘልቃል፣ ቀዳዳው ግን ትንሽ ነው።

## መመዘኛ አንድ፦ ጉልበት

ከሁሉም በፊት ፍላጻችሁ ስንት ጉልበት ይዞ እንደሚሄድ እወቁ። ስሌቱ ቀላል ነው። ጫፉ እንደተገጠመ ፍላጻውን መዝኑ፤ ግራሙን ለ1,000 አካፍላችሁ ወደ ኪሎ ቀይሩት። ፍጥነቱን በሜትር በሰከንድ ውሰዱና በራሱ አባዙት። ሁለቱን አባዝታችሁ ለሁለት ስታካፍሉ የሚመጣው ጁል ነው። ፍጥነት መለኪያ ከሌላችሁ የቀስት መጠገኛ ቤቶች አብዛኛውን ጊዜ አያጡትም።

ሦስት ምሳሌ ልስጥ። 27 ግራም የሚመዝን ፍላጻ በሰከንድ 82 ሜትር ቢበር ወደ 91 ጁል ይሆናል። ይህ በጠንካራ ኮምፓውንድ የሚገኝ ነው። 25 ግራም የሚመዝን በ64 ሜትር ቢበር 51 ጁል ነው፤ ለስላሳ ቀስት የሚስብ ወይም ክንዱ አጠር ያለ ሰው እዚህ አካባቢ ነው። 26 ግራም የሚመዝን በ52 ሜትር ቢበር 35 ጁል ነው። መካከለኛ ኃይል ካለው ሪከርቭ፣ ማለትም ጫፎቹ ወደ ፊት ከታጠፉት መዘውር አልባ ቀስት፣ ይህን ያህል ይገኛል።

በቀስተኞች ዘንድ በብዛት የሚሠራበት መስፈርት አለ። ለአጋዘን መጠን እንስሳ ከ34 እስከ 56 ጁል፣ ለዱር አሳማና ለትልልቅ የአጋዘን ዝርያዎች ከ57 እስከ 88 ጁል፣ እንደ ጎሽ ላሉት ከ88 ጁል በላይ ይላል። በብዙ ጽሑፎች በፉት ፓውንድ ተቀምጦ ታገኙታላችሁ፤ አንዱ ፉት ፓውንድ 1.36 ጁል ነው። ቁጥሮቹ መነሻ ናቸው እንጂ ሕግ አይደሉም። ፍላጻው በየሜትሩ ጉልበት እያጣ እንደሚሄድም አትርሱ።

የእኔ መስመር ይህ ነው፦ ከ65 ጁል በታች ከሆናችሁ የሚከፈት ብሮድሄድን እርሱት። ከ65 እስከ 85 ባለው መካከል ጠበብ ያለ የሚከፈት ያስኬዳል። ከ85 በላይ ስትሆኑ ምርጫው የእናንተ ነው። ሌላ ሰው ትንሽ ከፍ ወይም ዝቅ ያደርገዋል፤ ግን ሁሉም መስመር ያስምራል።

ጁል ብቻውን ሁሉን አይናገርም። አጥንት ላይ ሲሆን ክብደት ከፍጥነት ይበልጣል፤ ከባድ ፍላጻ ቀስ ብሎ ይሄዳል፣ ግን ሲገታ እልኸኛ ነው። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በደቡብ አፍሪካ ትልልቅ እንስሳት ላይ ረጅም ሙከራ ያካሄደው ዶክተር ኤድ አሽቢ ከባድ አጥንትን አስተማማኝ በሆነ መንገድ ለመስበር የፍላጻው ጠቅላላ ክብደት ወደ 650 ግሬን፣ ማለትም 42 ግራም ገደማ፣ መድረስ አለበት ወደሚል ድምዳሜ ደርሷል። አጋዘን ለሚያድን ሰው ይህ ከልክ ያለፈ ነው። ጎሽ ለሚያስብ ግን ቀልድ አይደለም።

## መመዘኛ ሁለት፦ በእርግጥ ስንት ሚሊ ሜትር ይቆርጣል?

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ነው።

ማሸጊያው ላይ "የመቁረጫ ስፋት" ተብሎ የሚጻፈው የክቡ ዲያሜትር ነው፤ ምላጮቹ ሲሽከረከሩ የሚሠሩት ክብ ማለት ነው። ነገር ግን ብሮድሄድ ክብ አይቀድም። እያንዳንዱ ምላጭ አንድ መስመር ይሰነጥቃል። መቆጠር ያለበት የመስመሮቹ ድምር ነው።

ባለ ሁለት ምላጭ፣ ስፋቱ 38 ሚሊ ሜትር የሆነ ብሮድሄድ እንውሰድ። የሚቆርጠው አንድ ቀጥ ያለ 38 ሚሊ ሜትር መስመር ነው። አሁን ደግሞ ባለ ሦስት ምላጭ፣ ስፋቱ 28.6 ሚሊ ሜትር ብቻ የሆነውን እንይ። እያንዳንዱ ምላጭ ከመሃል ወደ ውጭ 14.3 ሚሊ ሜትር ይቆርጣል፤ ሦስቱ ሲደመሩ 43 ሚሊ ሜትር ገደማ ናቸው። ጠባቡ ሰፊውን በለጠው! ባለ አራት ምላጭ ሆኖ ሁለቱ ዋና ምላጮች 28.6፣ ሁለቱ ትንንሽ ረዳቶች ደግሞ 19 ሚሊ ሜትር ስፋት ቢኖራቸው ድምሩ 47 ያልፋል።

የቀዳዳው ቅርጽም ለውጥ ያመጣል። በሁለት ምላጭ የተሰነጠቀ ቆዳ እንደ ኪስ አፍ መልሶ ይገጥማል። በሦስትና በአራት የተቆረጠ ግን ክዳኑ ስለሚላቀቅ ክፍት ሆኖ ይቆያል፤ ዱካ ለሚከተል ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። በሌላ በኩል ምላጭ በበዛ ቁጥር ሰበቃው ይበዛል፣ ዘልቆ መግባቱ ይቀንሳል። ነፃ ምሳ የለም።

የምላጩ ማዕዘንም አለ። ርዝመቱ ከስፋቱ ሦስት እጥፍ የሆነ ረጅምና ቀጭን ብሮድሄድ እንደ ሽብልቅ ቀስ ብሎ እየከፈተ ይገባል፤ ጉልበት ይቆጥባል። አጭርና ደፋ ያለው ባንዴ ይጋፈጣል። አነስተኛ ጉልበት ያለው ቀስት ረጅሙን ይወዳል።

## መመዘኛ ሦስት፦ አበራረር

የልምምድ ጫፍ ነፋስ የሚይዝለት ነገር የለውም። ቋሚ ምላጭ ያለው ብሮድሄድ ግን ከፍላጻው ፊት ክንፍ እንደመትከል ነው። ፍላጻው ትንሽ ጠምዘዝ ብሎ ከወጣ ያ ክንፍ ነፋሱን ይይዝና ይወስደዋል። ፍጥነት በጨመረ ቁጥር ይብስበታል። ምላጩ ሰፊ ከሆነ ደግሞ የበለጠ ይብሳል። የኋላው ላባ ትልቅና ጠመም ብሎ የተለጠፈ ከሆነ ይታገልለታል።

የሚከፈት ብሮድሄድ የተወደደበት ዋናው ምክንያት ይህ ነው። ተዘግቶ ስለሚበር ከልምምድ ጫፍ ብዙም አይለይም። እኔ ግን አንድ ነገር ይከነክነኛል፦ ቋሚው ብሮድሄድ ዒላማ ሲስት ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ የቀስቱ አለመስተካከል ነው። የሚከፈተውን መግዛት ያን ችግር አያድነውም፤ ይሸፍነዋል። ጠመዝመዝ እያለ የደረሰ ፍላጻ ደግሞ ጫፉ ምንም ይሁን ምን ጉልበቱን በጎን እያባከነ ስለሆነ በደንብ አይዘልቅም።

የጫፉ ክብደትም እዚህ ይገባል። በብዛት የሚሸጡት 100 እና 125 ግሬን ናቸው፤ 6.5 እና 8.1 ግራም ገደማ ማለት ነው። በ100 ስትለማመዱ ቆይታችሁ ለአደን 125 ብትገጥሙ ፍላጻው ዝቅ ብሎ ይመታል፣ ዘንጉም ሲወነጨፍ የበለጠ ይታጠፋል። ስለዚህ የልምምዱና የአደኑ ጫፍ እኩል ይመዝኑ።

## መመዘኛ አራት፦ ብረቱና ስለቱ

በርካሽ ብሮድሄዶች ላይ ምላጮቹ የሚሰኩበት ግንድ አሉሚኒየም ነው። ቀላል ነው፣ አጥንት ሲመታ ግን ይጣመማል። ብረትና ቲታኒየም የተሻለ ይችላሉ። የሚቀየሩ ምላጮች ከ0.7 እስከ 1 ሚሊ ሜትር ውፍረት አላቸው፤ ከአንድ ብረት የተሠሩት ብዙ ጊዜ ከዚያ በእጅጉ ይወፍራሉ። ጥንካሬ በሮክዌል መለኪያ ይገለጻል። ከ52 እስከ 58 አካባቢ ያለው ጥሩ ነው፤ ከዚያ በጣም ከላላ ስለቱ ይታጠፋል፣ በጣም ከጠነከረ ይሸረፋል። ካርቦን ብረት በቀላሉ ይሳላል፣ ግን ዘይት ካልቀባችሁት ይዝጋል። የማይዝገው ብረት ደግሞ ተቃራኒው ነው።

ከፋብሪካ ሲመጣ የተሳለ ነው ብላችሁ አትመኑ። አንድ የላስቲክ ማሰሪያ ወጥሩና ምላጩን በቀስታ አስነኩት። ሳትጫኑት ከቆረጠ ጥሩ ነው። መጫን ካስፈለጋችሁ ይሳል ወይም ይቀየር።

## መመዘኛ አምስት፦ ሕጉ

በአንዳንድ አገሮች በቀስት ማደን ራሱ ክልክል ነው፤ ብሪታንያ አንዷ ናት። በተፈቀደበት ደግሞ ዝርዝር አለ። በአሜሪካ በብዙ ግዛቶች ትንሹ የመቁረጫ ስፋት 22 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። የሚከፈቱትን የሚከለክሉ ቦታዎች አሉ። ከኋላ እንደ መንጠቆ የሚይዝ ምላጭም በብዙ ቦታ አይፈቀድም፤ ያልሞተ እንስሳ ውስጥ ተነክሶ እንዳይቀር ነው። ከመግዛታችሁ በፊት የምታድኑበትን ቦታ ደንብ አንብቡ።

## ምርጫ አንድ፦ ቋሚ፣ ምላጩ የሚቀየር

በብዛት የሚታየው ዓይነት ይህ ነው። ባለ ሦስት ምላጭ፣ ስፋቱ ከ25 እስከ 32 ሚሊ ሜትር፣ አናቱ እንደ መሮ የተሾለ። ምላጩ ሲደነዝዝ መሳል የለም፤ አውጥቶ አዲስ መሰካት ነው። የሚንቀሳቀስ ነገር ስለሌለው በመሃል የሚከዳ ነገር የለውም። አጭር ስለሆነም በአየር ላይ ከረጅሞቹ ይልቅ ጠባዩ የተሻለ ነው።

ድክመቱ ቀጭን ምላጮቹ ናቸው። የትከሻ አጥንት ላይ ሊሰበሩ ወይም ከግንዱ ሊላቀቁ ይችላሉ። አናቱ መሮ የሆነው ደግሞ መጀመሪያ ይበሳል፣ ከዚያ ነው ምላጮቹ መቁረጥ የሚጀምሩት፤ ቆዳ ለማለፍ ትንሽ ተጨማሪ ጉልበት ይወስዳል። ለመካከለኛና ለጠንካራ ቀስት ይህ የሚታይ ልዩነት አይደለም።

## ምርጫ ሁለት፦ ከአንድ ብረት የተሠራ፣ ሲነካ የሚቆርጥ

ስለቱ ከአናቱ ጫፍ ይጀምራል፤ ቆዳውን ሲነካ መቁረጥ ይጀምራል። ብዙውን ጊዜ ባለ ሁለት ምላጭ ነው፣ አንዳንዱ ረዳት ምላጮች ይጨመሩበታል። ለዝቅተኛ ጉልበትና ለከባድ አጥንት ከሁሉም የሚሻለው እሱ ነው። ሁለቱ ተቃራኒ ይመስላሉ፤ ግን ሁለቱም የሚፈልጉት አንድ ነገር ነው፣ በጥቂት ሰበቃ መዝለቅ።

እዚህ ውስጥ ሌላ ክርክር አለ። አንዳንዱ እንደ ወጥ ቤት ቢላ በሁለቱም ጎን ይሳላል፣ አንዳንዱ እንደ መሮ በአንድ ጎን ብቻ። የአንድ ጎኑ ሲገባ ራሱን ያሽከረክራል፤ አጥንት ውስጥም ያ መሽከርከር አጥንቱን ይሰነጥቀዋል። ጥሩ ነው፣ ግን ስለቱ የሚያሽከረክርበት አቅጣጫና የኋላው ላባ የሚያሽከረክርበት አቅጣጫ አንድ መሆን አለባቸው። ካልሆነ ፍላጻው በአየር ላይ ወደ ቀኝ ሲዞር መጥቶ ሥጋ ውስጥ ወደ ግራ ለመዞር ይሞክራል። ለአጋዘን የሁለቱ ጎን ይበቃል ባይ ነኝ። የአንድ ጎኑ ትርፍ የሚታየው ከባድ አጥንት ሲመጣ ነው።

መሳል የማይወድ ሰው ይህን አይግዛ። የመሳያ ድንጋይ፣ ትዕግሥትና ማዕዘን የሚይዝ መሣሪያ ይጠይቃል። የሚወድ ሰው ግን አንዱን ብሮድሄድ ለዓመታት ይጠቀምበታል። የባለ ሁለት ምላጩ ጠባብ ቀዳዳም የደም ዱካውን ሊያሳንሰው ይችላል። አልፎ ከወጣ ብዙም አያሳስብም፤ ካልወጣ ፍለጋው ይረዝማል።

## ምርጫ ሦስት፦ የሚከፈት

ተጣጥፎ ይበርና ሲመታ ይዘረጋል። ስፋቱ ከ38 እስከ 51 ሚሊ ሜትርና ከዚያም በላይ ነው። በደንብ ሲሠራ የሚተወው ቁስል ሌላው የማይደርስበት ነው፤ ይህን መካድ አይቻልም።

ሁለት ዓይነት አከፋፈት አለ። የቀድሞው ምላጮቹ ወደ ፊት ታጥፈው ሲመቱ እንደ ጃንጥላ ወደ ኋላ የሚገለበጡበት ነው። ፍላጻው በሰያፍ ሲመታ አንዱ ምላጭ ቀድሞ ይይዝና ጫፉን ወደ ጎን ሊያስተው ይችላል። አዲሱ ምላጮቹ ወደ ኋላ እየተንሸራተቱ የሚከፈቱበት ነው፤ በሰያፍ ምት የተሻለ ነው፣ ሲገባም ከመጀመሪያው ሰፊ ቀዳዳ ይከፍታል። የምትገዙ ከሆነ ይህኛውን እመርጥላችኋለሁ።

ዋጋው ግን ይከፈላል። ምላጮቹን መክፈቻና ያን ስፋት መግፊያ ጉልበት ከየትም አይመጣም፣ ከዚያው ከፍላጻው ነው። ወፍራም አጥንት ላይ ምላጮቹ ይታጠፋሉ። ምላጮቹን አጥፎ የሚይዘው ላስቲክ ቀለበት፣ የፕላስቲክ አንገትጌ ወይም ስፕሪንግ ነው። ላስቲክ ብርድና ፀሐይ ያደርቀዋል፤ አንገትጌው አንዴ ከተከፈተ በኋላ ይጣላል፣ ስለዚህ ትርፍ ያዙ። ክሮስቦው (እንደ ጠመንጃ በቃታ የሚለቀቅ ቀስት) ያላችሁ ደግሞ ማሸጊያው ላይ ለክሮስቦው የተሠራ መሆኑን እዩ። በዚያ ፍጥነት ለተራ ቀስት የተሠራው በአየር ላይ ሊከፈት ይችላል።

## ምርጫ አራት፦ ድቅሉ

ሁለት ትንንሽ ቋሚ ምላጮች፣ ሁለት የሚከፈቱ። የሚከፈቱት ቢከዱ እንኳ ቋሚዎቹ ይቆርጣሉ። ሐሳቡ ጥሩ ነው። የመቁረጫው ድምር ግን ትልቅ ስለሆነ ጉልበት ይበላል፣ ቋሚ ምላጭ ስላለውም ቀስቱን ማስተካከል ግድ ይላል። ጠንካራ ቀስት ካላችሁና ዋስትና የምትወዱ ከሆነ እዩት። ለሌላው ሰው ግን የሁለቱንም ራስ ምታት ባንድ ላይ መግዛት ይመስለኛል።

## በአንድ እይታ

| መመዘኛ | ቋሚ፣ ምላጩ የሚቀየር | ከአንድ ብረት፣ ሲነካ የሚቆርጥ | የሚከፈት | ድቅል |
|---|---|---|---|---|
| የሚፈልገው ጉልበት | መካከለኛ | ዝቅተኛም ይበቃዋል | ከ65 ጁል በላይ፤ ሰፊው ከ85 በላይ | ከ85 ጁል በላይ |
| የተለመደ ስፋት | 25–32 ሚ.ሜ. | 25–32 ሚ.ሜ. | 38–51 ሚ.ሜ. | እንደ ሞዴሉ |
| አጥንት ላይ | ደህና | ከሁሉም የተሻለ | ደካማ | መካከለኛ |
| የደም ዱካ | ጥሩ | አልፎ ከወጣ ጥሩ | በጣም ጥሩ | በጣም ጥሩ |
| አበራረር | ማስተካከል ይፈልጋል | ይበልጥ ማስተካከል ይፈልጋል | ቀላል | ማስተካከል ይፈልጋል |
| ሲደነዝዝ | ምላጭ መቀየር | በእጅ መሳል | ምላጭና ማያያዣ መቀየር | ምላጭ መቀየር |
| ወጪ | ሲጀመር አነስተኛ፣ ምላጭ በየጊዜው | ሲጀመር ከፍተኛ፣ ኋላ ምንም ያህል አይደለም | ሲጀመር ከፍተኛ፣ ኋላም ይቀጥላል | ከፍተኛ |

## ታዲያ ለማን የትኛው?

ጀማሪ ከሆናችሁ፣ መካከለኛ ኮምፓውንድ ካላችሁና ዒላማችሁ አጋዘን ከሆነ፦ ባለ ሦስት ምላጭ ቋሚ፣ ምላጩ የሚቀየር፣ ስፋቱ 28 ሚሊ ሜትር ገደማ። ብዙ አታስቡ። ቀስታችሁን ለማስተካከል ያስገድዳችኋል፤ ያ ራሱ ትምህርት ቤት ነው።

ቀስታችሁ ለስላሳ ከሆነ፣ ወይም ሪከርቭና ባሕላዊ ረጅም ቀስት የምትስቡ ከሆነ፦ ሲነካ የሚቆርጥ፣ ረጅምና ጠባብ፣ ባለ ሁለት ምላጭ። ስፋት አያጓጓችሁ። የእንጨት ዘንግ ካላችሁ በብሎን የሚገባው አይሆንም፤ ዘንጉ ጫፍ ላይ በማጣበቂያ የሚቀመጠውን ግዙ።

የዱር አሳማ ወይም ከዚያ የሚከብድ ከሆነ፦ ያው ከአንድ ብረት የተሠራው፣ ግን ከበድ ባለ ፍላጻ ላይ። አሳማ ትከሻው ላይ ያለው ወፍራም ቆዳና ጅማት ቀልድ አያውቅም።

ጠንካራ ኮምፓውንድ ካላችሁ፣ ፍላጻችሁ በጣም ፈጣን ከሆነና የምታድኑት አጥንቱ ቀለል ያለ እንስሳ ከሆነ፦ ወደ ኋላ ተንሸራቶ የሚከፈተው ጥሩ ነው። ለትልልቅ የዱር ወፎችም ሰፊው የሚከፈት ይመረጣል፤ ወፍ ላይ ወሳኙ ቦታ ትንሽ ነው፣ አጥንቱም ቀጭን ነው። ጥንቸልና የመሳሰሉት ግን ብሮድሄድ አያስፈልጋቸውም፣ ደነዝ አናት ያለው ጫፍ ይበቃል።

በጀት ጠባብ ከሆነ ደግሞ የማሸጊያውን ዋጋ አትዩ፣ የአንድ ዓመቱን ወጪ አስሉ። ብዙዎቹ ሦስት ሦስት ሆነው ነው የሚሸጡት። ርካሹ የሚከፈት አንድ ምት ላይ ካለቀ፣ ውዱ ሲሳል አሥር ጊዜ የሚያገለግለው ይረክሳል። በጣም ርካሽ የሆኑት ስማቸው የማይታወቅ ቅጂዎች ላይ ግን ሌላ ችግር አለ። ሦስቱን ብትመዝኗቸው ክብደታቸው ይለያያል፣ ስታሽከረክሯቸው ይንቀጠቀጣሉ። በእነሱ ቀስት ማስተካከል አይቻልም።

## ከገዛችሁ በኋላ

መጀመሪያ የመግጠሚያ ቁልፉን ተጠቀሙ። በባዶ እጄ ሳጠብቅ አውራ ጣቴን የሰነጠቅሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ሁለተኛ አልሞከርኩም።

ከዚያ ፍላጻውን በጫፉ ጠንካራ ነገር ላይ አቁማችሁ እንደ እንዝርት አሹሩት። ብሮድሄዱና ዘንጉ የሚገናኙበት ቦታ የሚርገበገብ ከሆነ ቀጥ አልገባም። ሌላ ዘንግ ላይ ሞክሩት፤ እዚያም ከተርገበገበ ጥፋቱ የጫፉ ነው።

በመጨረሻ ሜዳ ላይ አወዳድሩ። ከ20 ሜትር አንድ የልምምድ ጫፍ፣ አንድ ብሮድሄድ ወርውሩ። ከገጠመ ወደ 30 ሂዱ። ብሮድሄዱ ሁልጊዜ ወደ ግራ የሚያርፍ ከሆነ ቀስቱ ላይ ፍላጻው የሚቀመጥበትን ማረፊያ በጣም በትንሹ፣ አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ በማይሞላ መጠን፣ ወደ ቀኝ ግፉት። ወደ ቀኝ ካረፈ ወደ ግራ። ማነጣጠሪያውን አትንኩ፤ እሱን ከነካችሁ ብሮድሄዱን አስተካክላችሁ የልምምድ ጫፉን ታበላሻላችሁ። ሁለቱ አንድ ቦታ እስኪያርፉ በዚህ ቀጥሉ። አንድ ከሰዓት በኋላ ሙሉ ሊወስድ ይችላል።

ከሦስቱ አንዱን ለዚህ ሥራ መድቡና በቀለም ምልክት አድርጉበት። የፎም ዒላማ ምላጭ ያደነዝዛል፤ ምልክት ያለበት ምላጩ ሳይቀየር ወይም ሳይሳል ወደ ኮሮጆ አይገባም።